አረንጓዴዋ ቀስት የደበቀችኝ ነገር፦ ደብረ ማርቆስ የሠራ ፕሮግራም ቡሬ ላይ ሲቆም

ደብረ ማርቆስ ላይ ምንም እንከን አልነበረውም። ኮድ የምጽፍበት ኢንቴሊጄ የሚባለው ፕሮግራም ላይ የማስነሻዋን አረንጓዴ ቀስት እጫናለሁ፣ ፕሮግራሙ ይከፈታል፣ ደረሰኙ ይወጣል። ሦስት ወር ሙሉ እንዲህ ስሠራ ቆየሁ። ከዚያ ጃር ፋይሉን፣ ማለትም ተገንብቶ የተጠቀለለውን ፕሮግራም፣ በፍላሽ ይዤ ቡሬ ወረድኩ። እዚያ መጀመሪያ አልነሳም አለ። ሲነሳ ፋይል አጣ። ፋይሉን ሲያገኝ ደግሞ አማርኛው በጥያቄ ምልክት ተሞላ።

ይህን የምጽፈው በጃቫ ለሚሠሩና ለሚማሩ ልጆች ነው። በተለይ ሥራቸው ሲያልቅ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ለሚሄድባቸው። ኮድ ስለ መጻፍ ብዙ ትምህርት አለ። ኮዱ እንዴት እንደሚገነባና በምን ሁኔታ እንደሚነሳ፣ ማለትም ቢልድና ረን ኮንፊገሬሽን ስለሚባለው ነገር ግን የነገረኝ ሰው አልነበረም። የተማርኩት ቡሬ ላይ ነው፣ ሰው ተሰልፎ እየጠበቀኝ።

ሥራው ትልቅ አልነበረም። አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር እህል ሲረከብ ደረሰኝ የሚያወጣ ፕሮግራም ፈለገ። ገበሬው በቆሎውን ወይም ጤፉን ያመጣል። ሚዛን ላይ ይወጣል። ኩንታሉና ኪሎው ይመዘገባል፣ በዕለቱ ዋጋ ይባዛል፣ ደረሰኙ ይታተማል። ጥር ወር ነበር። ጠዋት በሚኒባስ ተሳፍሬ፣ አማኑኤልን፣ ደምበጫን፣ ጅጋን፣ ፍኖተ ሰላምን አልፌ፣ እኩለ ቀን ሳይሞላ ቡሬ ገባሁ። ከመጋዘኑ ፊት አህያና ጋሪ ተደርድሯል። ከሰዓት በፊት ጭኜ፣ ከሰዓት በኋላ አስለምጄ፣ ማታ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ሁለት ሌሊት አደርኩ።

የመጀመሪያው ችግር ቀላሉ ነው። ጃሩን ስከፍተው አንድ ረጅም የስሕተት መልእክት ወጣ። ውስጡ ሁለት ቁጥር አለ፦ 61.0 እና 52.0። ፕሮግራሙ የተገነባው ለ61 ነው፣ እዚህ ያለው ጃቫ ግን ከ52 በላይ አያነብም ማለቱ ነው። ይህን ቁጥር ስታዩ አትደናገጡ። ከቁጥሩ ላይ 44 ቀንሱ፣ የጃቫው ሥሪት ይመጣል። 52 ጃቫ 8 ነው። 55 ጃቫ 11፣ 61 ጃቫ 17፣ 65 ጃቫ 21። እኔ በ17 ነበር የገነባሁት። የቢሮው ኮምፒውተር ላይ ያለው 8 ነበር።

ደግነቱ የጃቫ 17 መጫኛ ፍላሼ ላይ ነበር። ጫንኩት። አሁንም ያው መልእክት! አዲሱ ተጭኗል፣ የሚነሳው ግን አሮጌው ነው። ዊንዶውስ ላይ ጃቫ ብላችሁ ስትጠሩ የሚመጣው ፓዝ ውስጥ፣ ማለትም ፕሮግራሞች በሚፈለጉበት የአድራሻ ዝርዝር ውስጥ፣ ቀድሞ የተጻፈው ነው። አሮጌው መጫኛ የራሱን አድራሻ ከፊት አስቀምጦት ነበር። ጃቫ ሆም የሚባለው ተለዋዋጭ ደግሞ ሌላ ነው፣ ኮዱን የሚገነባው ሜቨን የሚባል መሣሪያ የሚያየው እሱን ነው። ሁለቱ ሊለያዩ ይችላሉ። በአንድ ኮምፒውተር ላይ ጃቫን ሥሪትህን ንገረኝ ስትሉት 8 ሊል፣ ሜቨንን ስትጠይቁት ደግሞ በ17 እየሠራሁ ነው ሊላችሁ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱንም ጠይቁ። እኔ ያን ቀን በማስነሻው ባች ፋይል (ትእዛዞች በተራ የሚጻፉበት ትንሽ ፋይል) ውስጥ የ17ቱን ሙሉ አድራሻ ጽፌ ተገላገልኩ። ከዚያ ወዲህ በየትም ቦታ የማደርገው ይኸንኑ ነው። የሰው ኮምፒውተር ላይ ያለ ፓዝ ለማን ሲባል እንደተስተካከለ አይታወቅም።

ሁለተኛው የዋጋ ዝርዝሩ ነው። የዕለቱ ዋጋ በአንድ ትንሽ ፋይል ውስጥ ነው ያለው። ኮዱ ውስጥ «ዳታ ፎልደር ውስጥ ያለው የዋጋ ፋይል» ብቻ ብዬ ነው የጻፍኩት፣ ሙሉ አድራሻ የለውም። እንዲህ ሲጻፍ ጃቫ የሚፈልገው ፕሮግራሙ ከተነሳበት ቦታ ጀምሮ ነው። ያ ቦታ ዋርኪንግ ዳይሬክተሪ ይባላል። ኢንቴሊጄ ሳይጠይቀኝ የፕሮጀክቱን ዋና ፎልደር ሰጥቶት ኖሯል። ቡሬ ላይ ግን ፕሮግራሙ የተነሳው ከሌላ ቦታ ነው። እዚያ ዳታ የሚባል ፎልደር የለም። የባች ፋይሉ የመጀመሪያ መስመር ወደ ፕሮግራሙ ፎልደር እንዲገባ አደረግኩና አለፈ።

ሦስተኛው ላይ ግን ቆይታ ይገባናል። በአማርኛ ፕሮግራም የሚሠራ ሁሉ አንድ ቀን ይገጥመዋልና።

ፕሮግራሙ ተነሳ። ስክሪኑ ላይ አማርኛው አምሮ ይታያል። የመጀመሪያው ገበሬ በቆሎ ተመዘነ፣ ደረሰኙ ታተመ። እኔ ወዲያው ወደ ሌላ ነገር ዞርኩ። አስተዋይነት ያሳዩት የሒሳብ ሠራተኛዋ ናቸው። ዕድሜያቸው ከእናቴ የሚቀራረብ ሴት ናቸው፣ ዓመታት በወረቀት ደረሰኝ የሠሩ። ደረሰኙን አገላብጠው አዩት፣ ሌላኛውንም አዩት፣ ከዚያ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ነይማ ይኸን እይልኝ። እዚህ ጋ ጤፍ መሆን አለበት፣ ሁለት ምልክት ነው ያለው። እዚህ ደግሞ በቆሎ ነው፣ ሦስት አለ። የሰውዬውም ስም እንደዚሁ ነው። ፊደሉን እየቆጠረ ነው እንዴ የሚያጠፋው?»

«እትዬ፣ እስቲ ይስጡኝ» ብዬ ወረቀቱን ተቀበልኩ። እውነታቸውን ነው። ጤፍ በሚለው ቦታ ?? አለ። በቆሎ በሚለው ቦታ ???። ቁጥሩ ሁሉ ትክክል ነው፣ ኩንታሉም ብሩም። የጠፋው አማርኛው ብቻ ነው። እሳቸው ጃቫ ምን እንደሆነ አያውቁም፣ የቆጠሩት ነገር ግን መፍትሔውን ነው የሰጠኝ።

ምክንያቱን ላስረዳ። ኮምፒውተር ፊደልን በባይት ነው የሚያስቀምጠው። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ (ኢንኮዲንግ) አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። በቆሎ 3 ፊደል ነው፣ ስለዚህ 9 ባይት። አሮጌው የዊንዶውስ አጻጻፍ፣ ዊንዶውስ-1252 የሚባለው፣ ለምዕራብ አውሮፓ ቋንቋዎች የተዘጋጀ ነው። ለፊደላችን ቦታ የለውም። አሁን ሁለት ዓይነት ጥፋት ሊደርስ ይችላል። ጽሑፉ በትክክል በዩቲኤፍ-8 ተቀምጦ ሳለ አንባቢው በ1252 ካነበበው፣ እያንዳንዱ ባይት ለብቻው አንድ ምልክት ይሆናል። በቆሎ 9 የማይነበብ ኮተት ሆኖ ይወጣል። ጽሑፉ ገና ሲጻፍ በ1252 ከተጻፈ ግን፣ ጃቫ 1252 ውስጥ ለሌለው ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ የጥያቄ ምልክት ይተካል። በቆሎ ??? ይሆናል።

ልዩነቱ ትልቅ ነው። 9 ኮተት ካያችሁ ጽሑፉ አልጠፋም፣ አነባበቡ ነው የተሳሳተው። የሚያነበውን ብታስተካክሉ ይመለሳል። 3 የጥያቄ ምልክት ካያችሁ ግን ጽሑፉ ፋይሉ ውስጥም የለም። ጥያቄ ምልክት ሆኖ ነው የተጻፈው፣ ማንም አይመልሰውም። ሦስተኛም አለ፦ ባዶ ሳጥን ካያችሁ ፊደሉ አለ፣ የጎደለው ፎንት ነው። እሱ ቀላሉ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ቁጠሩ። አንድ ሰው አማርኛው ተበላሸብኝ ብሎ ሲደውልልኝ ዛሬ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ በፊደሉ ልክ ነው ወይስ በሦስት እጥፍ?

እኛ ጋ በፊደሉ ልክ ነበር። ስለዚህ ጥፋቱ ደረሰኙን ወደ ፋይል የሚጽፈው ኮድ ጋ ነው። ያን ኮድ ከፈትኩት። ፋይል ራይተር የሚባለውን የጃቫ ክላስ ነው የተጠቀምኩት። ፋይል ራይተር በምን አጻጻፍ እንደሚጽፍ ካልነገሩት የኮምፒውተሩን ዲፎልት፣ ማለትም ምንም ካልተባለ የሚሠራበትን፣ ይወስዳል። እስከ ጃቫ 17 ድረስ ያ ዲፎልት እንደ ኮምፒውተሩ ይለያያል። ቡሬ ያለው ኮምፒውተር ዲፎልቱ ዊንዶውስ-1252 ነው። ግን የእኔም ላፕቶፕ ዊንዶውስ ነው! ለምንድን ነው እኔ ጋ ሦስት ወር በትክክል የጻፈው?

ላፕቶፔን እዚያው መጋዘኑ በር ላይ ከፈትኩ። ፕሮግራሙን በኢንቴሊጄ አስነሳሁ። ከታች ባለው የረን መስኮት የመጀመሪያዋ መስመር ላይ ጃቫ የተጠራበት ትእዛዝ አለ። መስመሯ ታጥፋ ነው የምትታየው። አንድ ጊዜ ስትጫኗት ትዘረጋለች። እስከዚያ ቀን ድረስ ተጭኛት አላውቅም ነበር። ስዘረጋት ከመካከሏ ላይ ይኼ ተጽፏል፦ ፋይል ኢንኮዲንግ ዩቲኤፍ-8። እኔ አልጻፍኩትም። ኢንቴሊጄ ራሱ ነው የሚጨምረው። አረንጓዴዋ ቀስት ለእኔ አስባ፣ ጃቫውን መርጣ፣ የሚነሳበትን ፎልደር ሰጥታ፣ አጻጻፉን አስተካክላ ነበር የምታስነሳልኝ። ቡሬ ላይ ቀስቷ የለችም። እነዚያ ሁሉ ውሳኔዎችም አብረው ቀሩ።

እባካችሁ ያቺን መስመር ዛሬውኑ ዘርግታችሁ አንብቧት። በኢንቴሊጄ ፋንታ ኢክሊፕስ የምትጠቀሙ ከሆነ በረን ኮንፊገሬሽን መስኮት ውስጥ ሾው ኮማንድ ላይን የሚል ቁልፍ አለ። ኔትቢንስ ላይ የሜቨን ፕሮጀክት ስታስነሱ በአውትፑት መስኮቱ አናት ላይ ትእዛዙ ይጻፋል። ፕሮግራማችሁ በትክክል በምን እንደሚነሳ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ያን ዕለት በባች ፋይሉ ላይ ያንኑ የኢንኮዲንግ ትእዛዝ ጨመርኩ። ደረሰኙ በቆሎ ብሎ ወጣ። እስከዚያ ድረስ የወጡት ደረሰኞች ግን ጠፍተዋል። እትዬ ጎን ለጎን በወረቀት ይቆርጡ ስለነበር እንደገና አስገባናቸው። እሳቸው ያነባሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ሲመሽ ጨረስን። «አይዞሽ፣ ወረቀቱን ያልጣልኩት ለዚሁ ነው» አሉኝ። በኋላ ኮዱን ራሱን አስተካከልኩት። ከጃቫ 11 ጀምሮ ፋይል ራይተር አጻጻፉን በግልጽ ይቀበላል። ፋይልስ በሚለው ክላስ ያሉት አዲሶቹ መጻፊያዎች ደግሞ ሳይነገራቸውም ዩቲኤፍ-8 ናቸው። ከጃቫ 18 ወዲህ፣ ማለትም ከመጋቢት 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ፣ ዲፎልቱ በየትም ኮምፒውተር ዩቲኤፍ-8 ሆኗል። ቢሆንም በግልጽ መጻፉን እመርጣለሁ። የምትገቡበት ቢሮ የትኛው ጃቫ እንዳለው አታውቁም።

ደብረ ማርቆስ ስመለስ አንድ ሳምንት ሙሉ አዲስ ነገር አልጨመርኩም። ያደረግኩት አረንጓዴዋ ቀስት የምታውቀውን ሁሉ ከእሷ አውጥቼ ፕሮጀክቱ ውስጥ ማስቀመጥ ነው።

መጀመሪያ ግንባታውን። ኢንቴሊጄ ኮዱን የሚገነባው በራሱ መንገድ ነው፣ ሜቨን ደግሞ በራሱ። ሁለቱ የሚስማሙ ይመስላሉ፣ ሁልጊዜ ግን አይስማሙም። ስለዚህ ዋናው ሕግ ሜቨን በሚያነበው ፖም ፋይል ውስጥ ይሁን። የጃቫው ሥሪት እዚያ ይጻፍ፣ ሪሊዝ በሚለው ቅንብር። የምንጭ ኮዱ አጻጻፍ ዩቲኤፍ-8 መሆኑ እዚያ ይጻፍ። ይህን ከረሳችሁት ኮዱ ውስጥ በቀጥታ የጻፋችሁት አማርኛ ገና ሲገነባ ሊበላሽ ይችላል፣ ያኔ ባች ፋይል ላይ ምን ብትጨምሩ አይድንም። የሚነሳው ዋና ክላስም እዚያው ይጠቀስ፣ አለበለዚያ ጃሩ «ኖ ሜይን ማኒፌስት አትሪቢዩት» ብሎ ይመልሳችኋል። የምትጠቀሙባቸው ላይብረሪዎች ጃሩ ውስጥ እንዲገቡ ሼድ የሚባለውን ፕለጊን ጨምሩ። ኢንቴሊጄ ግንባታውን ሁሉ ለሜቨን አሳልፎ እንዲሰጥ የሚያደርግ ቅንብርም አለ። ሞክሬዋለሁ። በእኔ ላፕቶፕ ለዕለት ሥራ ይዘገያል፣ ስለዚህ አጥፍቼዋለሁ። ለማስረከብ ስል ግን በሜቨን ብቻ ነው የምገነባው።

ሁለተኛ፣ «ቡሬ» ብዬ የሰየምኩትን ረን ኮንፊገሬሽን። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይኸን ውሰዱ። ኤዲት ኮንፊገሬሽንስ ውስጥ ገብታችሁ አዲስ ስትጨምሩ ጃር አፕሊኬሽን የሚል ዓይነት አለ። ይህ ክላሱን ሳይሆን የተገነባውን ጃር ነው የሚያስነሳው፣ ልክ ደንበኛው እንደሚያስነሳው። ዋርኪንግ ዳይሬክተሪውን ሆን ብዬ ሌላ ባዶ ፎልደር አደረግኩት። ጃቫ ሲነሳ የሚሰጡት ትእዛዞች በሚጻፉበት ቪኤም ኦፕሽን ላይ አጻጻፉን ዊንዶውስ-1252 አልኩት። እናንተ ከጻፋችሁት ኢንቴሊጄ የራሱን አይጨምርም። ጃቫ 18ና ከዚያ በላይ ከሆናችሁ 1252 በማለት ፋንታ ኮምፓት በሉት፣ የድሮውን ባሕርይ ይመልስላችኋል። ሚሞሪውንም ቀነስኩት።

ይህ ኮንፊገሬሽን የተሠራው እንዲመቸኝ አይደለም። ቡሬ ላይ የነበረውን መጥፎ ሁኔታ ቤቴ ቁጭ ብዬ እንዳየው ነው። የመጀመሪያ ቀን ሳስነሳው ሁለት ያላወቅኳቸው ስሕተቶች ወጡ። አንዱ የማኅበሩን አርማ ሥዕል የሚያነበው ኮድ ነበር፣ ከፎልደር ነው የሚፈልገው። ሥዕሉን ሪሶርስ አድርጌ ጃሩ ውስጥ አስገባሁት። ሌላው የወሩን ሪፖርት የሚጽፈው ነው። እሱም በፋይል ራይተር፣ እሱም በዲፎልት። ሪፖርቱ የሚወጣው በወር መጨረሻ ስለሆነ ቡሬ ላይ ገና አልታየም ነበር።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ቢፎር ሎንች የሚለው ክፍል ላይ የሜቨንን ፓኬጅ ትእዛዝ ጨምሩ። ይህን ሳላደርግ አንድ ጊዜ ኮዱን አስተካክዬ፣ ጃሩን ሳልገነባ፣ አሮጌውን ጃር ለሰዓት ያህል ሳስነሳ ቆየሁ። ያስተካከልኩት ነገር ለምን አይታይም እያልኩ ትክክለኛ ኮድ አበላሸሁ። አሁን ቀስቷን ስጫን መጀመሪያ ይገነባል፣ ከዚያ ያስነሳል።

ሦስተኛው ጉዳይ የመጣው በሰው በኩል ነው። ባሕር ዳር የሚኖር አንድ ጎበዝ ወጣት አብሮኝ መሥራት ጀመረ። ፕሮጀክቱን ኮድ በምንጋራበት በጊት አወረደ። ማታ ደወለልኝ።

«እህቴ፣ ኮዱ ሁሉ አለ፣ ግን ምኑን ነው የማስነሳው? ከላይ ያለው ዝርዝር ባዶ ነው።»

ልክ ነበር። እኔ ጋ ስድስት ኮንፊገሬሽን አለ፣ እሱ ጋ አንድም የለም። ኢንቴሊጄ ካልተነገረው እነዚህን ወርክስፔስ በሚባል የግል ፋይል ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። ያ ፋይል ወደ ጊት አይገባም፣ መግባትም የለበትም። መፍትሔው ቅርብ ነው። በኮንፊገሬሽኑ መስኮት ላይ ስቶር አዝ ፕሮጀክት ፋይል የሚል ምርጫ አለ። ምልክት ስታደርጉበት ኮንፊገሬሽኑ በፕሮጀክቱ ውስጥ ራሱን የቻለ ፋይል ይሆናል። የሚቀመጥበት ፎልደር እዚያው መስኮት ላይ ይታያል። ያንን ወደ ጊት ታስገባላችሁ። ኢክሊፕስ ላይ ኮመን በሚለው ገጽ ሼርድ ፋይል የሚለውን ስትመርጡ ሎንች የሚል መጨረሻ ያለው ፋይል ይወጣል። ልጁ በማግስቱ አወረደው፣ ስድስቱም ከነስማቸው መጡለት።

ከሜይን አጠገብ ያለችውን ትንሿን ቀስት ስትጫኑ የሚፈጠረው ደግሞ ጊዜያዊ ነው። ኢንቴሊጄ ሌላ ካልተባለ አምስቱን ብቻ ይይዛል፣ ሲበዛ አሮጌውን ይጥላል። አንድ ቀን ብዙ ደክማችሁ ያስተካከላችሁት ቪኤም ኦፕሽን ይጠፋና «ማን ነካው?» ትላላችሁ። ማንም አልነካውም። የምትፈልጉትን ሴቭ በሉት፣ ስም ስጡት። አፕሊኬሽን አንድ፣ አፕሊኬሽን ሁለት አትበሉ። ደረሰኝ ሙከራ፣ የወር ሪፖርት፣ ቡሬ በሉ፣ ሥራውን የሚናገር ስም።

ግን ፓስወርድ ላይ ተጠንቀቁ። ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ላይ የዳታቤዝ ፓስወርድ ጽፋችሁ ኮንፊገሬሽኑን የጋራ ካደረጋችሁት፣ ፓስወርዱ ተራ ጽሑፍ ሆኖ ጊት ውስጥ ይገባል። ብታጠፉትም በታሪኩ ውስጥ ይቀራል። እኛ የጋራውን ያለ ፓስወርድ እናስቀምጣለን። ፓስወርዱ በየራሳችን ኮምፒውተር ላይ ባለ፣ ጊት በማያየው ፋይል ውስጥ ነው። አንዴ ከገባ ደግሞ መፍትሔው ፓስወርዱን መቀየር ነው።

ስለ ኔትዎርክና መብራትም ልበል፣ እኛ አካባቢ ይህ የሥራው አካል ነውና። ሜቨን ያወረደውን ላይብረሪ ሁሉ በቤት ፎልደራችሁ ውስጥ ኤም-2 በሚባል ፎልደር ያስቀምጣል። አንዴ ካወረደ በኋላ ያለ ኢንተርኔት፣ በኦፍላይን መሥራት ይችላል፣ ትእዛዙ ላይ ሰረዝ ኦ መጨመር ነው። ግራድል በሚባለው ሌላው መገንቢያ ላይ ኦፍላይን ብላችሁ በሙሉ ትጽፉታላችሁ። መንገድ ከመውጣቴ በፊት የምጠቀመው ጎ ኦፍላይን የሚባል የሜቨን ትእዛዝ አለ። ግን እሱ ብቻውን አይበቃም። ቴስት የሚያስኬደው ሹርፋየር አንዳንድ ነገር የሚያወርደው ቴስቱ ሲነሳ ነው። ስለዚህ ኢንተርኔት እያለ ሙሉውን ግንባታ ከነቴስቱ አንድ ጊዜ አስኬዱት። ከዚያ ዋይፋዩን አጥፍታችሁ ደግማችሁ ገንቡ። ከተሳካ ተነሱና ሂዱ።

ሌላም አለ። ማውረዱ መሐል ላይ ኔትዎርክ ከተቋረጠ፣ ሜቨን «ይህ ላይብረሪ አልተገኘም» የሚለውን መዝግቦ ይይዛል። ኔትዎርኩ ቢመለስም ወዲያው እንደገና አይሞክርም፣ የድሮውን ስሕተት ነው የሚደግመው። ትእዛዙ ላይ ሰረዝና ትልቁን ዩ ጨምራችሁ ስታስነሱት እንደገና ይፈልጋል። ይህን ባለማወቄ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ፖም ፋይሌን ስገለባብጥ ውያለሁ፣ ፖሙ ምንም አልነበረበትም።

ሚሞሪ ላይ ብዙ አልቆይም። ጃቫ ካልተነገረው ከኮምፒውተሩ ሚሞሪ እስከ አንድ አራተኛው ድረስ ለሂፕ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ዳታውን ለሚያስቀምጥበት የሚሞሪ ክፍል፣ ይወስዳል። ባለ 4 ጊጋ ኮምፒውተር ላይ 1 ጊጋ ነው። ለደረሰኝ ፕሮግራም ይህ ከበቂ በላይ ነው፣ እኛ ኤክስ-ኤም-ኤክስ በሚለው 256 ሜጋ ሰጥተነዋል። ኢንቴሊጄ ራሱ የሚወስደውና ፕሮግራማችሁ የሚወስደው ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሄልፕ ውስጥ ያለው የሚሞሪ ቅንብር የኢንቴሊጄ ነው። ፕሮግራማችሁ ሚሞሪ አነሰኝ ካለ እዚያ ብትጨምሩለት ምንም አይጠቅመውም። የእሱ ቦታ ቪኤም ኦፕሽን ነው።

ባለፈው ክረምት ሌላ ማኅበር ይኸንኑ ፕሮግራም ፈለገ፣ ዳንግላ። እኔ አልሄድኩም፣ ልጁ ከባሕር ዳር ብቻውን ሄደ። የያዘው አንድ ፎልደር ነው። በውስጡ ጃሩ፣ ራሱ ጃቫ 17፣ የዋጋ ፋይሉና ባች ፋይሉ አሉ። ኮምፒውተሩ ላይ የነበረውን ጃቫ አልነካም፣ ምን እንደሆነም አልጠየቀም። ከመሄዱ በፊት «ቡሬ»ን ሦስት ጊዜ አስነስቶታል።

እኩለ ቀን ላይ ደወለልኝ። ገና ሳልጠይቀው «እህቴ፣ በቆሎው በቆሎ ነው የሚለው» አለኝ። የቀረው የማተሚያው ወረቀት ስፋት ነበር፣ የደረሰኙ የቀኝ ጫፍ ይቆረጣል። እሱን በስልክ እየተነጋገርን ዋጋው ባለበት ፎልደር ውስጥ ካለው የቅንብር ፋይል ላይ አስተካከልነው።